ሥልጣን መቼ ያበቃል? ማንስ ይፈርዳል?
የወገን ትግልና የሥልጣን ሚዛን በጣና ዙሪያ፣ ከጎንደር ዘመን እስከ ሪፑብሊክ

በ1698 ዓ.ም. በጎንደር ቤተ መንግሥት አንድ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ታላቁ ኢያሱ ከ1674 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ አራት ዓመት ያህል ነግሠው ከቈዩ በኋላ፣ እጅግ ይወዷት የነበረችው ቅድስተ ክርስቶስ ስለ ሞተችባቸው በኀዘን ግቢያቸውን ትተው ወደ ጣና ደሴት ገብተው ነበር። ይህን ያዩ መኳንንት ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን፣ ንጉሡ ዓለምን ንቀው ወጥተዋል፤ በጥንት ዘመን ዐፄ ካሌብም ዘውዳቸውን ትተው መንኩሰዋልና ዙፋኑ ባዶ ነው፤ ልጃቸው ይንገሥ አለ። ለኢያሱ ያደሩት ሰዎች ግን ይህን አልተቀበሉትም። የመጀመሪያው ወገን በረታና የመለኮታዊት ልጅ ተክለ ሃይማኖት ነገሡ። ኢያሱም ዙፋናቸውን ለማስመለስ ጦር ይዘው ተነሡ፤ ነገር ግን በመንገድ ታመሙና ጨቅላ ማንዞ ወደምትባለው የጣና ደሴት ፈቀቅ አሉ። በ1699 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመለኮታዊት ወንድሞች እዚያው ድረስ ሄደው ገደሏቸው። ሬሳቸውም በምጽራሓ ደሴት ተቀበረ።

ብዙ ጊዜ ይህ ነገር የሚተረከው እንደ ቤተ ሰብ ክፋትና እንደ ልጅ ክዳት ሆኖ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ በሌላ ዓይን ልናየው እንወዳለን። ከደሙ በፊት የነበረው ክርክር የሕግ ክርክር ነው፤ ይኸውም የአንድ ገዥ ሥልጣን መቼ ያበቃል? ማብቃቱንስ የሚፈርድ ማን ነው? የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የካሌብን ምሳሌ የጠቀሱ ሊቃውንትና መኳንንት አልጠፉም። ለሁለተኛው ግን መልስ የሚሰጥ ሥርዓት አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ዳኛ ቢያጡ ጦርን ዳኛ አደረጉት። ሪፑብሊክ የሚባለው የመንግሥት ዓይነት ብዙ ነገር ይባልለታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ዋናው ሥራው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ማበጀት ነው። አገራችን ይህን መልስ እንዴት እንዳበጀች ለመመርመር ከጣና ዳር የተሻለ ቦታ አናገኝም። (ዓ.ም. የምንለው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ የውጭውን እ.ኤ.አ. እንለዋለን።)

በቅድሚያ አንድ የተለመደ አስተያየት ማቃናት አለብን። በጎንደር ዘመን ንጉሡ የሚከለክለው የሌለ፣ ያሻውን የሚያደርግ ገዥ ነበር ይባላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚመጡ ስለ ሆኑ ንጉሡ በገዛ እጁ ሊሾማቸው አይችልም ነበር፤ ውግዘታቸውም ጦር ይበትናል። እጨጌው የመነኮሳት አለቃ ነበሩ። የየአገሩ ባላባትና ሹም የራሱ ጦር አለው። ገበሬው በርስቱ ላይ የያዘው መብት ከሹም ሽር ጋር የሚነሣና የሚወድቅ አልነበረም። የጣና ደሴቶችና ዳርቻዎችም ራሳቸው የሥልጣን ድንበር ነበሩ፤ በምሥራቁ ዳር ያለችው ቆራጣ የመማጸኛ ከተማ ስለ ነበረች፣ ንጉሥ የተቈጣው ሰው እዚያ ከገባ በኋላ መያዙ ነውርም ኀጢአትም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የችሎቱ ሥርዓት ነው። በንጉሡ ችሎት አንድ ከባድ ጉዳይ ሲታይ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ጀምሮ ወደ ታላቁ ነው፤ ንጉሡ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ይህ እንዲያው የክብር አሰላለፍ ብቻ አይመስለንም። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ታናሹ ከእሱ የተለየ ቃል ለማውጣት ይፈራል፤ ታናሹ ቀድሞ ከተናገረ ግን ፍርሃቱ ይቀንስለታል። የዛሬ ዘመን ሸንጎዎች ሁሉ ይህን ያህል ብልሃት አላቸው ለማለት አንደፍርም።

እንግዲህ ሚዛን ነበረ። የጐደለው ሌላ ነው። ድስት በሦስት ጉልቻ የሚቆመው እያንዳንዱ ጉልቻ ቦታውን ይዞ ሲተከል ነው፤ በጎንደር ግን ዘውዱም፣ መኳንንቱም፣ ቤተ ክህነቱም ኀይል ነበራቸው እንጂ የኀይላቸው ወሰን አልተጻፈም፤ ሲጣሉ ማን እንደሚያስታርቃቸውም አልተወሰነም። ፍትሐ ነገሥት የንጉሥን ግዴታ ቢናገርም፣ ንጉሡ ግዴታውን ባይፈጽም የሚከሰስበትን ችሎት አላቋቋመም።

በአሜሪካ ጄምስ ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ1787 እና በ1788 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስለ አዲሱ ሕገ መንግሥት ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቶ ነበር፤ በኋላም «ፌዴራሊስት» ተብለው ተሰበሰቡ። በዐሥረኛው ጽሑፍ ስለ ወገን ክፍፍል የሰጠው ትንታኔ ለእኛ ታሪክ እንደ ቍልፍ ሆኖ አግኝተነዋል። ወገንተኝነትን ከሥሩ ለመንቀል የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው ይላል፤ ወይ ነጻነትን ማጥፋት ነው፣ ወይም ሰውን ሁሉ አንድ ዐይነት አሳብ እንዲያስብ ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ከበሽታው የከፋ መድኀኒት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የማይቻል ነው። ማዲሰን ይህን የጻፈው በአሳብ ነው። በጣና ዙሪያ ግን ሁለቱም መንገዶች ማዲሰን ሳይወለድ በሥራ ተሞክረዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ወህኒ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን ከጣና በስተ ምሥራቅ በበጌምድር ያለው የወህኒ አምባ የነገሥታት ልጆች መታሰሪያ ሆነ፤ ከግራኝ ጦርነት በፊት በአምባ ግሸን የነበረውን ልማድ የሚያድስ ነው። አሳቡ ግልጽ ነው። የንጉሥ ዘር ሁሉ በአንድ ተራራ ላይ ተዘግቶ ከተጠበቀ፣ ያኰረፈ መኰንን የሚያነግሠው ሰው ስለማያገኝ ወገን ሊያቆም አይችልም። የአምባው ስም እስከ ዛሬ በቋንቋችን የእስር ቤት ስም ሆኖ ቀርቷል። ውጤቱ ግን የታሰበው ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወህኒ ለአንጋሾች የተዘጋጀ የነገሥታት ጐተራ ሆነ። በ1700 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ለአደን በወጡበት ሲገደሉ የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ከወህኒ ወርደው ነገሡ፤ የወንድማቸውን ገዳዮችና መለኮታዊትንም በሞት ቀጡ። በኋላም በ1713 ዓ.ም. በካፋ ከዚያው ወረዱ፤ በ1761 ዓ.ም. ደግሞ ሽማግሌው ዮሐንስ። አምባውን የያዘ፣ ወይም ጠባቂዎቹን ያባበለ፣ ንጉሥ መርጦ ማውጣት ቻለ።

ሁለተኛው መንገድ ሰውን ሁሉ በአንድ አሳብ ማሳደር ነው። በጎርጎራ ዳርቻ ከተማ የነበራቸው ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩን በግድ ለማስከተል ሞከሩ፤ ዐሥር ዓመት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው መንግሥቱን ለፋሲል ለቀቁ። ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ያልተነገረለት ከዚያ በኋላ በቅባትና በተዋሕዶ መካከል የተነሣው ክርክር ነው። ጎጃም በአመዛኙ ቅባትን፣ ደብረ ሊባኖስ የራሱን ትምህርት ይዘው ሲከራከሩ፣ እያንዳንዱ ንጉሥ ጉባኤ ጠርቶ አንዱን ያጸድቃል፤ ቀጣዩ ንጉሥ ሌላ ጉባኤ ጠርቶ ያንን ይሽራል። በዐፄ ዳዊት ዘመን (ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም.) ጉባኤው ለቅባት ስለ ፈረደ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አንቀበልም ቢሉ፣ በጎንደር ብዙዎቹ ተገደሉ። ጉባኤው በንጉሥ የተጠራ፣ በንጉሥ ጦር የተጠበቀ ሆኖ ሳለ ተሸናፊው እንደ ዳኛ ሊያየው አልቻለም።

ሁለቱም መንገዶች ካልሆኑ ሦስተኛው ምንድን ነው? ማዲሰን፣ ከእሱ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1748 የጻፈው ፈረንሳዊው ሞንተስኪዩ፣ የሰጡት መልስ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወገኖች ይኑሩ፤ እንዲያውም ይብዙ፤ ማዲሰን እንደሚለው አገሩ ሰፊ ከሆነ አንዱ ብቻውን ሌሎቹን ሊውጥ አይችልም። ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚፈርደው የተለያዩ ይሁኑ፤ የአንዱን ባለሥልጣን ምኞት የሌላው ምኞት ይግታው። ለእያንዳንዱም ሹመት ዘመን ይቈረጥለት። በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ ማተኰር እንወዳለን። የተቈረጠ ዘመን ማለት ጠላትህ ሳትገድለው የሚሄድበት ቀን የታወቀ ነው ማለት ነው። በ1698 ዓ.ም. በጎንደር እንዲህ ያለ ቀን ቢኖር ኖሮ የካሌብን ምሳሌ መጥቀስ ባላስፈለገ ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ ብልሃት ፍጹም አልነበረም፤ በባርነት ጥያቄ የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1857 የሰጠው ፍርድ ወገኖቹን ከማስታረቅ ይልቅ አራራቃቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮም አራት ዓመት ተዋጉ።

ዘመኑን ማነጻጸር ያስገርማል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በክፍለ ግዛቶቹ ጸድቆ በጸናበት ዓመት፣ ማለት በእኛ 1780 ዓ.ም.፣ በጎንደር ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ዙፋን ተመለሱ። በየጁ ራሶችና በባላንጣዎቻቸው እጅ እየወረዱና እየወጡ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ነገሡ፤ ሕዝቡም «ፍጻሜ መንግሥት» አላቸው።

ወደዚህ ያደረሰው መንገድ እቴጌ ምንትዋብ ባቆሙት ሚዛን መፍረስ ይጀምራል። እቴጌይቱ በ1723 ዓ.ም. ሕፃኑ ልጃቸው ኢያሱ ሲነግሥ መንግሥቱን ያዙ፤ የቋራ ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አስገቡ፤ ልጃቸውንም ከኦሮሞ ባላባት ልጅ ከውቢት ጋር አጋቡ። ጋብቻው ሁለት ወገኖችን ለማስታረቅ የታሰበ ነው። ነገር ግን የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1747 ዓ.ም. ሲነግሡ ወደ እናታቸው ዘመዶች አደሉ፤ ግቢው በቋራና በኦሮሞ ወገን ተከፈለ። ሁለቱን ሚዛን አድርገው ይዘው የነበሩት የእቴጌይቱ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ነበሩ። እሳቸው በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ሚዛኑ አብሮ ሞተ፤ በሰው ላይ የቆመ ሚዛን እንዲህ ነው። እቴጌይቱ የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን ለእርዳታ ጠሩ። ሚካኤል ግን አስታራቂ ሆነው አልቀሩም፤ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደሉ፤ ዮሐንስን ከወህኒ አወረዱ፤ እሳቸውም በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱና (በመርዝ ነው ይባላል) ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ያገኘው ይህን ነው፤ ንጉሡ ወጣት፣ መንግሥቱ የራስ ሚካኤል። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ እስከ ዛሬ አለች፤ በቋራና በኦሮሞ ወገን መካከል ያቆሙት እርቅ ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ ፈረሰ።

የዘመነ መሳፍንትን ዝርዝር አንባቢ ያውቀዋልና አንደግመውም። ዘውዱ በጎንደር፣ ኀይሉ በደብረ ታቦር በየጁ ራሶች ዘንድ ሆነ፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት የዘመኑን ነገሥታት በደንብ ይገልጻቸዋል። የቋራው ካሣ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ዘመኑ አበቃ። እሳቸው ያመጡት መድኀኒት ወገኖቹን ሁሉ በአንድ ክንድ መጨፍለቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ገዥዎቻችንም በአብዛኛው ይህንኑ ተከትለዋል። የ1923 እና የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታት ፓርላማ ቢያቆሙም የመጨረሻውን ቃል ለንጉሠ ነገሥቱ ተዉ፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሪፑብሊካችንም ብሔራዊ ሸንጎ ነበረው፤ ነገር ግን ሸንጎውን፣ መንግሥቱንና ጦሩን የሚመራው አንድ ፓርቲ ስለ ሆነ፣ ከማዲሰን ሁለት መንገዶች ሁለተኛውን ነበር የተከተለው፤ ሁሉም አንድ አሳብ ይኑረው የሚለውን። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ባሕር ዳር በኢሕአዴግ ጦር እጅ ስትገባ የዚያ ሪፑብሊክ ዕድሜ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቶት ነበር።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው ወገን መኖሩን በግልጽ መቀበሉ ነው። ማዲሰን ግን ወገኖች በሰፊው አገር ተበትነውና ተደባልቀው እርስ በርሳቸው እንዲዳከሙ ሲፈልግ፣ የእኛው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነትን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጥቶ ለወገኖቹ ወንበር አበጀላቸው። ለምን እንደ ሆነ እንረዳለን፤ ለብዙ ዘመን ወንበር የተነፈጉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ወንበር ያለው ወገንና የተበተነ ወገን አንድ አይደሉም፤ ወንበር ያለውን የሚዳኝ ዳኛ የበለጠ ጠንካራ መሆን ይኖርበታል። የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ዘመን ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ግን ምክር ቤቱ እስካለና ድምፁን እስከ ሰጠው ድረስ ስለሚቀጥል ገደብ የለውም።

በባሕር ዳር የሆነውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባናል፤ ብዙ ሰው አያስተውለውምና። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ምክር ቤቱንም ሥራ አስፈጻሚውንም በአንድነት ይመራ ነበር፤ ተቈጣጣሪውና ተቈጣጣሪ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነበሩ ማለት ነው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ሁለቱን ለያየ፤ ምክር ቤቱን አፈ ጉባዔ፣ መስተዳድሩን ርእሰ መስተዳድር ያዙ። ቀድሞ የዳኞች ሁሉ የበላይ አፈ ንጉሥ ይባል ነበር፤ ከንጉሥ አፍ ወደ ጉባኤ አፍ መሸጋገራችን በስም ረገድ ቀላል ነገር አይደለም። ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦችም የየራሳቸው ምክር ቤት ተሰጣቸው። ክልላዊውን ሕገ መንግሥት የሚተረጕም ኮሚሽንም ከየወረዳውና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች በሚወከሉ ሰዎች ተቋቋመ።

በወረቀት ላይ የተለያዩት አካላት በሥራ መለያየታቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግና አጋሮቹ በሙሉ ያዙ። ሕግ አውጪውና አስፈጻሚው የአንድ ድርጅት ሰዎች ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ምኞት ሊገታ አይችልም። ወገን ግን አልጠፋም፤ ወደ ድርጅቱ ውስጥ ገባና ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ መታገል ያዘ፤ የጎንደር ግቢ ትግል እንደ ነበረው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር ርእሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኰንንና ሁለት ባልደረቦቻቸው የተመቱት፣ በዚያው ምሽትም በአዲስ አበባ የጦር ኀይሎች ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኰንን የተገደሉት፣ ፓርላማም ምክር ቤትም ፍርድ ቤትም ባለበት አገር ነው።

በዓመቱ የ1698ቱ ጥያቄ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልክ ተመለሰ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ስለ ተላለፈ የምክር ቤቶቹ የአምስት ዓመት ዘመን ከምርጫው በፊት ሊያልቅ ሆነ። ዘመኑ ሲያልቅ ሥልጣኑም ያበቃል የሚሉ ነበሩ፤ አያበቃም የሚሉም ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 62 የመተርጐሙን ሥልጣን የሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዐሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ሊቃውንትን ጠርቶ ክርክሩን በአደባባይ አሰማ፤ ይህን እንደ መልካም ሥራ እንቈጥረዋለን፤ በአገራችን ታሪክ የሥልጣን ማብቂያ በዚህ ዐይነት በግልጽ ሲመረመር አላየንም። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። የትግራይ ክልል ውሳኔውን አልተቀበለም፤ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አደረገ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ምርጫውን ዋጋ የሌለው አለው። መስከረም ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ሥልጣን አልቋል ይል ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነት ተጀመረ፤ ሁለት ዓመት ቈየ። የቆመውም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ፣ በአፍሪካ ኅብረት ሸምጋዮች ፊት ነው።

የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ዳኛው ከተከራካሪዎቹ ወገን የተውጣጣ መሆኑ ክርክሩን ለመጨረስ እንዳላስቻለው እናምናለን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት በክልል ምክር ቤቶች የሚመረጡ የፖለቲካ ሰዎች ናቸው፤ ተሸናፊው ወገን ፍርዱን የዳኛ ፍርድ ሳይሆን የአሸናፊው ድምፅ ብዛት አድርጎ ያየዋል፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የዳዊትን ጉባኤ ያዩት እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ለዳኞችና ለሕግ ዐዋቂዎች ቢሰጥ፣ ዘመናቸውም ከምርጫ ዘመን የረዘመ ቢሆን፣ የተሻለ ይመስለናል። የዚህ ተቃዋሚዎች ቀላል ያልሆነ መልስ አላቸው። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ከሆነ ቃል ኪዳኑን መተርጐም የባለ ቃል ኪዳኖቹ ነው፤ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞችም በማዕከሉ መንግሥት የሚሾሙ ስለ ሆኑ ወደ ሿሚያቸው ያደላሉ ይላሉ። በአጣሪ ጉባኤው ውስጥ ካሉት ዐሥራ አንድ ሰዎች ስድስቱ የሕግ ባለሙያዎች በተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በፕሬዚዳንቱ የሚሾሙ መሆናቸውን ስናስብ ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። የክልላችን ኮሚሽን ከየወረዳው በሚመጡ ተወካዮች መሞላቱ ለዚህ አንድ ሌላ መንገድ ይሆን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለዚያ ግን የወረዳ ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ከአንድ ድርጅት በላይ የሚቀመጥባቸው መሆን ነበረባቸው።